ጦሙን ባደረ ሰው ደም ውስጥ ስኳር ከየት ይመጣል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ሁለት ጾሞች የተገናኙበት ዕለት ነበር። ሙስሊሞች የረመዳንን ወር ሊፈጽሙ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተዋቸው ነበር፤ በዚያች ከተማ የሚኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ኦርቶዶክሳውያንም ዐቢይ ጾምን ጨርሰው፣ በቀዳም ሥዑር አክፍለው የትንሣኤን ሌሊት ይጠባበቁ ነበር። በዚያው ዕለት ጧት የጦር መሣሪያ ድምፅ በከተማይቱ ላይ ተሰማ፤ ጦርነቱም ተጀመረ። ሱቅ ተዘጋ፤ መብራትና ውሃ ተቋረጠ፤ ብዙ ሰው በሆዱ ምንም ሳይዝ ከቤቱ መውጣት ተስኖት ሰነበተ።

ከእነዚያ ነዋሪዎች መካከል ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ነበሩ። መድኃኒት ሲያልቅ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሲሞቅ፣ አንድ ሐሳብ ወደ ሰው ልብ መምጣቱ አይቀርም፦ «ምግብ ከሌለ ስኳር የለም፤ ስኳር ከሌለ ደግሞ መርፌው ምን ያደርጋል? እህል እስካገኝ ድረስ ባልወጋ ምን ይጎዳኛል?» ይህ ሐሳብ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሰውን በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ ሞት ሊያደርስ የሚችል ስሕተት ነው። ስሕተት የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት፣ የሰው አካል ሳይበላ በሚውልበት ጊዜ ስኳርን ከየት እንደሚያገኝ፣ ይህንንም ሥራ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚገታ ማወቅ ያስፈልጋል። የዛሬው ጽሑፋችን ነገርም ይኸው ነው።

አምስት ግራም ብቻ

የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ሁሉ ቢሰበሰብ በውስጡ የሚገኘው ስኳር፣ ይኸውም ሐኪሞች ግሉኮስ የሚሉት፣ 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የሚተርፍ አይደለም። በካርቱም መንገድ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር በሚሸጠው ሻይ፣ በአንዲቱ ብርጭቆ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ አንጎላችን ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈጃል። ቀይ የደም ሕዋሳትም ከግሉኮስ በቀር ሌላ ስንቅ የላቸውም። እንግዲህ ያ በደም ውስጥ ያለው 5 ግራም ባይተካ ኖሮ፣ ለአንጎል ብቻ ቢሰጥ እንኳ የሚበቃው ለአንድ ሰዓት ያህል ነበር።

በሚያዝያ ወር በካርቱም የሚጾም ሙስሊም ግን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት ከ13 ሰዓት በላይ ምግብም ውሃም ሳይቀምስ ይውላል። ሙቀቱም በወራቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ጾመኛው ግን ያስባል፣ ይናገራል፣ ሥራውን ይሠራል። ጤነኛ ከሆነና ደሙ ከተለካ፣ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም የሚደርስ ግሉኮስ ይገኝበታል። ታዲያ ከአፉ ምንም ሳይገባ ይህን ስንቅ ሳያቋርጥ የሚያቀብለው ማነው?

የጉበት ጎተራ

ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ የመለሰው ክሎድ በርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ከእርሱ በፊት ሊቃውንቱ «ስኳርን የሚያበጁ ዕፀዋት ብቻ ናቸው፤ እንስሳ ግን ከምግቡ ያገኘውን ማጥፋት እንጂ ማበጀት አይችልም» ይሉ ነበር። በርናር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ሥጋ ብቻ የበሉ ውሾችን መርምሮ፣ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። በ1857ም ስኳሩ በጉበት ውስጥ የሚከማችበትን ነገር ለይቶ አወጣና ግሊኮጅን ብሎ ሰየመው።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ጉበት ለደም ስኳር የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። መጀመሪያው ከጎተራው መዝገን ነው። ደኅና የበላ ሰው በጉበቱ ውስጥ 100 ግራም ያህል ግሊኮጅን ያከማቻል። ጡንቻዎችም 400 ግራም ያህል አላቸው፤ ነገር ግን ጡንቻ ያከማቸውን ለራሱ ይበላዋል እንጂ ለጎረቤት አያበድርም፤ ስኳሩን ወደ ደም የሚለቅበት መሣሪያ የለውምና። ስለዚህ ለአንጎል የሚተርፈው ጎተራ የጉበት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ ስኳር ማበጀት ነው። ጡንቻዎችና ቀይ የደም ሕዋሳት ሲሠሩ የሚተፉትን ላክቲክ አሲድ፣ ከፕሮቲን የሚገኙትን አሚኖ አሲዶች፣ ከስብ የሚወጣውንም ግሊሰሮል እየተቀበለ ጉበት ግሉኮስ ያደርጋቸዋል። ኩላሊትም በዚህ ሥራ ያግዘዋል። ሰው እራቱን በልቶ ተኝቶ በማግሥቱ ሲነሣ፣ በደሙ ውስጥ የሚገባው ስኳር ገሚሱ ከጎተራው፣ ገሚሱ ከአዲሱ ሥራ የመጣ ነው። ጾሙ ሲረዝም ጎተራው እየጎደለ፣ አዲሱ ሥራ እየበዛ ይሄዳል።

መጠኑም ቢሰላ ጥቂት አይደለም። ጦሙን ያደረ ሰው ጉበት በየደቂቃው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊግራም ያህል ግሉኮስ ይለቃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢሆን በሰዓት 7 ግራም ያህል፣ በቀን ደግሞ ከ170 ግራም በላይ ይሆናል። አንድም እህል ሳይቀመስ ማለት ነው።

ማገዶና ሊጥ

በዚህ ሥራ ውስጥ ስብ ምን ያገባዋል? በሆድ፣ በዳሌና በቆዳ ሥር የተከማቸው ስብ ሦስት የስብ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ ተያይዘው የሚገኙበት ነው። ሰው ሲጾም የስብ ሕዋሳት ይህን ፈትተው የስብ አሲዶቹንም ግሊሰሮሉንም ወደ ደም ይለቃሉ። ልብና ጡንቻ በስብ አሲዱ እየነደዱ ስኳሩን ለአንጎል ይተዉለታል። ፊሊፕ ራንድልና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በ1963 እንዳሳዩት፣ ስብን የሚያነድ ጡንቻ ግሉኮስን ያን ያህል አይሻም።

የጉበት ሥራ ደግሞ በእንጀራ ጋገራ ቢመሰል ለመረዳት ይቀላል። ምጣዱ ጉበት ነው። ሊጡ ላክቲክ አሲድ፣ አሚኖ አሲድና ግሊሰሮል ነው። የስብ አሲድ ግን ማገዶው ነው እንጂ ሊጡ አይደለም። በሰው አካል ውስጥ የስብ አሲድ ራሱ ተለውጦ ስኳር አይሆንም፤ ነገር ግን በጉበት ውስጥ ሲነድ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛ፣ ስኳር ማበጀት ኀይል የሚፈጅ ሥራ ስለ ሆነ ይህን ኀይል ያቀብላል። ሁለተኛ፣ ከመንደዱ የተነሣ አሴቲል ኮኤ የሚባል ነገር ይበዛል። ይህም የአዲሱን ስኳር ሥራ መጀመሪያ በር የሚከፍተውን ፒሩቬት ካርቦክሲሌዝ የተባለ ኤንዛይም ያነቃቃዋል። ማገዶው ሲበዛ ምጣዱ ይግላል፤ ምጣዱ ሲግልም ጋገራው ይፋጠናል።

በጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ መልካም ነው። ማገዶው በልክ ይቀርባል፤ እንጀራውም በልክ ይወጣል። ልኩን የምትጠብቀው የቤቱ እመቤት ኢንሱሊን ናት።

የእመቤቲቱ ታሪክ

ኢንሱሊን የሚመነጨው ከጨጓራ በስተኋላ ከተጋደመው ከቆሽት ነው። በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ወጣት የጀርመን ተማሪ በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ የሕዋሳት ክምችቶችን በማጉያ መነጽር አየ፤ ሥራቸው ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀም። በ1889 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ። በ1921 ክረምት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ከቆሽት የሚድን ጭማቂ አወጡ፤ ጄምስ ኮሊፕም አጠራው። በጥር 1922 ሊሞት ተቃርቦ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ በዚህ መድኃኒት ዳነ። ባንቲንግና ማክላውድም በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዘ ልጅ ጥቂት ወራት ቆይቶ መሞቱ የታወቀ ነበር።

ከቆሽት የወጣው ኢንሱሊን በቀጥታ ወደ ሰውነት ሁሉ አይበተንም፤ አስቀድሞ ወደ ጉበት በሚያመራው ትልቅ የደም ሥር ይጓዛል። ጉበትም ከመጣለት ገሚሱን ያህል በዚያው ያስቀረዋል። ከዚህ እንደምንረዳው ተፈጥሮ ጉበትን የኢንሱሊን የመጀመሪያ ጎረቤት አድርጋዋለች። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን ከቆዳ ሥር ተነሥቶ በሰውነት ሁሉ ዞሮ ከዚያ በኋላ ወደ ጉበት ስለሚደርስ፣ የሐኪሙና የሕመምተኛው የመጠን ሥራ ከዚህ የተነሣ ይከብዳል።

ኢንሱሊን ተቃዋሚ አላት፤ እርሱም በዚያው በቆሽት የሚመነጨው ግሉካጎን ነው። ግሉካጎን «ጎተራው ይከፈት፤ ጋገራው ይቀጥል» ይላል፤ ኢንሱሊን «ይብቃ» ትላለች። ሰው ሲበላ ኢንሱሊን ትበዛለች፤ ሲጾም ታንሳለች፤ ፈጽማ ግን አትጠፋም።

ትእዛዙ የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች

እመቤቲቱ ጋገራውን ማስቆም ብትፈልግ ሁለት ዘዴ አላት። ወይ ወደ ማድ ቤት ገብታ ጋጋሪዋን «ተይ» ትላለች፤ ወይም ወደ ደጅ ወጥታ እንጨቱ እንዳይገባ ትከለክላለች። የሊቃውንቱ ብዙ ዘመን የፈጀ ክርክር ኢንሱሊን በየትኛው ታዛለች የሚል ነበር።

አለን ቸሪንግተንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ በሠሩት ብዙ ምርመራ፣ ኢንሱሊን በቀጥታ በጉበት ላይ ሠርታ የስኳሩን ፍሰት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ልትቀንስ እንደምትችል አሳዩ። ይህ ቀጥተኛው መንገድ በተለይ የግሊኮጅኑን ጎተራ ይዘጋዋል።

ሪቻርድ በርግማንና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ በበኩላቸው ሌላውን መንገድ ተከተሉ። በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ለውሾች ኢንሱሊን ሲሰጡ በደማቸው ውስጥ ያለው የስብ አሲድ እንደሚቀንስ፣ የጉበት ስኳርም አብሮ እንደሚቀንስ አዩ። ከዚያም ኢንሱሊኑን እየሰጡ የስብ አሲዱ ግን እንዳይጎድል ስብን በደም ሥር ጨመሩ። በዚህ ጊዜ ጉበት እንደ ቀድሞው አልታዘዘም፤ ስኳሩን መልቀቁን ቀጠለ። እንጨቱ ከሌላ በር ስለ ገባ ምጣዱ አልበረደም ማለት ነው።

በ2015 ደግሞ ጄራልድ ሹልማንና ባልደረቦቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ የዚህን ነገር ውስጠኛ ምሥጢር አብራሩ። ኢንሱሊን ስብ እንዳይፈታ ስታግድ፣ ወደ ጉበት የሚመጣው የስብ አሲድ ያንሳል፤ በጉበት ውስጥ ያለው አሴቲል ኮኤም ይቀንሳል፤ ያ የበር ከፋች ኤንዛይም ይዳከማል፤ አዲሱም ስኳር ይቀንሳል። ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ሁለቱም መንገዶች እንደሚሠሩ ይቀበላሉ፤ ክርክሩ የቀረው የትኛው በየትኛው ጊዜ ይበረታል በሚለው ላይ ነው።

ለቤተሰብ አንባቢ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የስኳር በሽታ የስኳር ብቻ በሽታ አይደለም። በካርቱም ይህ ሕመም በሦስት ቋንቋ ሲጠራ ይሰማል፤ አማርኛ ተናጋሪው የስኳር በሽታ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሕማም ሽኮርያ፣ የአገሩ ሰው ሱከሪ ይለዋል። ሦስቱም ስሞች ጥፋቱን ሁሉ በስኳር ላይ ይጥላሉ። ጉበትና ስብ ግን ከጥፋቱ ድርሻ አላቸው።

ማገዶው ሲበዛ

በየሐኪም ቤቱ ዘወትር የሚሰማ አንድ ጭውውት አለ። አንድ አረጋዊ በጧት ደማቸውን አስለክተው ውጤቱን ሲያዩ ይቆጣሉ።

«ልጄ፣ ይህ መሣሪያ ተበላሽቶ እንዳይሆን። ትናንት ማታ ከትንሽ ሾርባ በቀር አልቀመስሁም። ስትለካኝ ግን 180 ትለኛለህ። ያልበላሁት ስኳር ከየት መጣብኝ?»

«አባባ፣ መሣሪያው ደኅና ነው። እርስዎ ተኝተው ሳሉ ጉበትዎ ሲጋግር አድሮ ነው።»

«እኔ ሳላዝዘው?»

«የሚያዝዘው ኢንሱሊን ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ አልተሰማም፤ አባባ።»

ይህ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጠባይ ነው፤ ከስኳር ሕሙማንም አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት የተያዙ ናቸው። በዚህ ሰው ውስጥ ኢንሱሊን ጨርሳ አልጠፋችም፤ ነገር ግን ትእዛዟ ደክሟል። በተለይ በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ሲበዛ፣ የስብ ሕዋሳት እምቢተኞች ይሆናሉ፤ ሌት ተቀን የስብ አሲድ ይለቃሉ። ማገዶው ሳያቋርጥ ወደ ጉበት ይፈሳል፤ ከፊሉም በጉበት ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ደም በስኳር ሞልቶ ሳለ ጉበት ረሀብ የገባ ይመስለውና ይጨምራል። ጦሙን ያደረ ሰው ደም በሁለት ልኬት 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ቢገኝበት የስኳር በሽታ አለበት ይባላል።

ከዚህ የሚያስደስተው ነገር መንገዱ ወደ ኋላም የሚመለስ መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በበሽታው ከተያዙ ብዙ ዓመት ያልሆናቸው 11 ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ያህል ብቻ እንዲመገቡ ተደረገ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ በጉበታቸው ውስጥ ያለው ስብ በሦስተኛ እጅ ያህል ቀነሰ፤ የጧቱ ስኳራቸውም ወደ ጤነኛ ልክ ተመለሰ። ምጣዱ ማገዶው ሲነሣለት በረደ ማለት ነው። ይህን ያህል ምግብ መቀነስ ያለ ሐኪም ክትትል የሚደረግ አይደለም፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ክብደትን መቀነስ ለጉበት የሚሰጠውን ዕረፍት በግልጽ ያሳያል።

ሜትፎርሚን የተባለው በብዙ አገር በርካሽ የሚገኘው ክኒንም ዋና ሥራው ጉበት የሚያወጣውን ስኳር መቀነስ ነው። የመድኃኒቱ ዘር የወጣው በአውሮፓ ከሚበቅል ጋሌጋ ከሚባል አበባ ነው፤ በስኳር ሕሙማን ላይ ያገኘውን ውጤት በ1957 ያሳተመው ዣን ስቴርን የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ነበር። ሕመምተኛው «ትናንት ስኳር አልበላሁምና ዛሬ ክኒኑን ልተወው» ማለት የማይገባው ለዚህ ነው። ክኒኑ የተሰጠው በሳህን ላለው ስኳር ብቻ አይደለምና።

እመቤቲቱ ስትጠፋ

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ይያዛሉ። በእነዚህ ሰዎች ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ጠፍተዋል። መርፌ ካልወሰዱ በቤቱ ውስጥ «ይብቃ» የሚል የለም።

ጤነኛ ሰው ሲጾምም ስብ ይፈታል። ጉበት ከስብ አሲዱ ከፊሉን ኬቶን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ በቦስተን በ1967 እንዳሳዩት፣ ረጅም ጊዜ በሚጾም ሰው አንጎል በስኳር ፈንታ በአብዛኛው በኬቶን ይኖራል። ስለዚህ ኬቶን በራሱ ክፉ አይደለም። በጤነኛው ጾመኛ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኢንሱሊን የስብን በር በልክ ትይዛለች፤ ኬቶኑም ከልክ አያልፍም።

ኢንሱሊን ፈጽማ ስትጠፋ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። የስብ አሲድ እንደ ጎርፍ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት በአንድ በኩል ስኳር፣ በሌላ በኩል ኬቶን ያለ ልክ ያመርታል። ስኳሩ ከሽንት ጋር ሲወጣ ውሃን ይዞ ይወጣል፤ ሰውየው ይጠማል፣ ይደርቃል። ኬቶኑም ደሙን ያኮመጥጠዋል። ብዙ መሽናት፣ የማይረካ ጥም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ የፍራፍሬ የሚመስል የትንፋሽ ሽታ፣ ጥልቅና ፈጣን መተንፈስ፣ በመጨረሻም መፍዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ይህ በፍጥነት ካልታከመ ይገድላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ አንድ ጉርሻ ሳይበላ ነው።

እንግዲህ «ካልበላሁ መርፌ አያስፈልገኝም» የሚለው ሐሳብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው። ኢንሱሊን የሚወሰደው ለሁለት ጉዳይ ነው። አንዱ ለምግብ ሲሆን፣ ይህ ምግቡ ሲቀር ይቀነሳል ወይም ይቀራል፤ ሳይበሉ የምግቡን መጠን መውጋት ስኳርን አለልክ አውርዶ ሰውን ይጥላልና። ሌላው ግን ለጉበትና ለስብ ነው፤ ቀኑንና ሌሊቱን በዝግታ የሚሠራው ረጅሙ ኢንሱሊን ይህ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሁለተኛውን በጾምም ሆነ በስደት ጨርሶ ሊያቋርጠው አይገባም፤ መጠኑን ግን ሐኪም ሊቀንሰው ይችላል። የስብን በር ለመያዝ የሚያስፈልገው ኢንሱሊን ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

በካርቱም ሙቀት

ሱዳን ከአፍሪካ አገሮች የስኳር በሽታ ከበዛባቸው አንዷ ናት። ከጦርነቱ በፊት በካርቱም ከተማ ጃቢር አቡ ዒዝ የተባለው የስኳር ሕክምና ማእከልን የመሰሉ ብዙ ሕሙማን የሚረዱባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከሕሙማኑ መካከልም ለዓመታት በከተማይቱ የኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይገኙ ነበር፤ ቡናና ሻይ በመንገድ ዳር እያፈሉ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ከእነዚህ መካከል የታወቁ ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ከእነርሱና ከሱዳናውያን ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ረጅሙን የቆላ መንገድ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ተጓዙት።

ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀትን የሚጠላ መድኃኒት ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተውና በሥራ ላይ ያለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ እንደ ዓይነቱ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በበረዶ ከጠጠረ ግን ኀይሉን ያጣል፤ ቢሟሟም ተመልሶ አይረባም። ካርቱም የ40 ዲግሪ ከተማ ናት፤ መብራት ሲጠፋም ማቀዝቀዣው ተራ ሣጥን ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የሚረዳው የጥንቱ ብልኀት ነው። ሱዳናውያን ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን ውሃ ያቀዘቅዛሉ፤ የሸክላው ላብ በነፋስ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ለመድኃኒትም ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች፣ ትንሿ በትልቋ ውስጥ ተደርጋ፣ በመካከላቸው አሸዋ ተሞልቶ በየጊዜው ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ በላዩም እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። ይህ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር፣ የውስጡን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል። እንደ ማቀዝቀዣ ባይሆንም መድኃኒቱን ከመበላሸት ያዘገየዋል። በመንገድ ላይም ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ በእርጥብ ጨርቅ መያዝ፣ ከፀሐይና ከመኪና መስኮት ማራቅ ይጠቅማል።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

መጾም የሚሻ የስኳር ሕመምተኛ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የእስልምናም ሆነ የኦርቶዶክስ ሥርዓት ለሕመምተኛ የሚራራ ስለ ሆነ፣ «አትጹም» የተባለ ሰው እንደ በደለኛ ራሱን አይቍጠር። የሚጾም ከሆነ ደሙን በቀን ደጋግሞ ይለካ፤ መለካት ጾምን አይሽርም። ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ወዲያው ጾሙን ይፍታ። ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገሩ ከተምታታበት ስኳር ያለበትን ነገር በቶሎ ይቅመስ።

ማፍጠሪያው ሲደርስ ወይም ጾሙ ሲፈታ በአንድ ጊዜ ጮማና ጣፋጭ ማብዛት፣ ማገዶውንም ሊጡንም በአንድነት እንደ ማቅረብ ነው። ከምግብ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በእግር መሄድ ግን ጡንቻው ስኳሩን እንዲበላው ያደርጋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ከወንበር ሳንነሣ ውለን፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ደጋግመን ጠጥተን የምናመሽ ሰዎች፣ የሆዳችንን ዙሪያ ብንመለከት ማገዶው የት እንደ ተከመረ እናገኘዋለን። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ጉበት ከመታዘዝ ሳያምፅ መጠንቀቅ ይሻላል።

በቤቱ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ክፉ ቀን ሳይመጣ አስቀድሞ ይነጋገር። የመድኃኒቱን ስምና የሚወሰደውን መጠን በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ፣ ረጅሙን ኢንሱሊንና የምግቡን ለይቶ ማወቅ፣ ስንቅ ሲቋጠር መርፌውንና መለኪያውን አብሮ መቋጠር፣ ጥቂት ስኳርም በኪስ መያዝ ይገባል። የታመመው ልጅ ከሆነ እናትና አባት ብቻ ሳይሆኑ ታላላቆቹም ይህን ይወቁ፤ በስደት ጊዜ ማን ከማን ጋር እንደሚቀር አይታወቅምና። ከሁሉም በላይ ግን ሕመምተኛው «ዛሬ ስላልበላሁ መርፌው ይቅር» ቢል፣ በአጠገቡ ያለው ሰው ይህን ቃል በዝምታ አይለፈው። እህል ከቤት ቢጠፋም ጉበት ሥራውን አያቋርጥም፤ የሚገታውም ያስፈልገዋል።